ቤቱ የተጎተተ ዕለት

ከካርቶን የተሠራ፣ መዳፍ የሚያህል ክብ አለኝ፣
በሌላ ክብ ላይ የሚሽከረከር፣ ዓመቱን የሚያዞርልኝ፤
ቀዩን ቀስት ካለፈው ደም፣ ከመጀመሪያው ቀን ላይ ሳውለው፣
ሰማያዊው ማዶ ቆሞ «በዚህ ቀን» ይለኛል፣ ስለዚያ ገና ስም ስለሌለው።

ክቡ ቢጠፋም አይቸግር፤ ስሌቱ በቃል የሚያዝ ነው፦
ሦስት ወር ወደ ኋላ፣ ሰባት ቀን ወደ ፊት፣
እንደ ጭፈራ ርምጃ፣ ተማሪ ሳለሁ በእግሬ ያጠናሁት።
ችግሩ መነሻው ነው።
ሰው ቀን አይቆጥርም፤ የሆነበትን እንጂ።

በቺሎዬ ደሴቶች፣ በወር ሁለቴ፣ ባሕሩ ሲፈቅድ፣
የክሊኒኩ ጀልባ ያወርደኛል፤ ከደጅ ደጅ በጭቃ ስሄድ
ኤዱቪና ቤት ደረስሁ፣ ቦርሳዬን ዝናብ እየደበደበ፤
ድንች ትልጣለች። ሆዷ ገና ነው፤ ጉንጯ ነው ያበበ።
«የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር?»
ቢላዋውን ሳታቆም፦
«ቤቱ የተጎተተ ዕለት።»

እዚያ ሰው በጎረቤት ቢከፋ፣ ወይ መሬቱ ቢያረጅበት፣
ቤቱን አይሸጥም፤ ይዞት ይሄዳል፣ ከነመጋረጃው፣ ከነመስኮት።
በግንድ ላይ አንከባሎ፣ በዐሥር ጥማድ በሬ ጎትቶ፣
ውኃው እስኪሞላ ጠብቆ፣ እንደ ታንኳ ባሕር ላይ ገፍቶ፣
ማዶ ይተክለዋል። አገር ሙሉ ይወጣል ለገመዱ፤
ሴቶቹ ለሾርባው። ያን ጠዋት በሬዎቹ ሲጠመዱ
ኤዱቪና ድስቱ አጠገብ ወገቧን ይዛ ተቀመጠች።
«ወሩስ?»
«እንጃ። ይዘንብ ነበር» አለች።

ይዘንብ ነበር! የማይዘንብበት ወር ቢኖር በዚህ አገር
እኔም ክቤን ጥዬ በሱ በቆጠርሁ ነበር።

ከኪሴ አወጣሁ፣ ዓሣ አጥማጆች የሚይዙትን የባሕር መዝገብ።
ቤት የሚያነሣ ውኃ በዘፈቀደ አይመጣ፤
ጨረቃ ስትሞላ ነው፣ ወይ ጨርሶ ሳትወጣ።
ሁለት ቀን ቀረኝ፦ ፌብሩዋሪ ሃያ አራት፣ ወይ ማርች ዐሥር።
«ሮሳሜል ገመዱ ላይ ነበር?»
«የለም። ሳልመን እርሻው ጋ ነበር፣ ከባሕር ሥር፤
ዐሥራ አራት ቀን ይጠልቃል፣ ሰባት ቀን ቤቱ ይገባል፤
ቤቱ ሲሻገር አላየሁም ብሎ እስካሁን ያኮርፋል።»

ጠልቆ የዋለበትን ከደመወዝ ወረቀቱ አገኘነው።
ማርች ዐሥር።
ሦስት ወደ ኋላ፣ ሰባት ወደ ፊት፦
ዲሴምበር ዐሥራ ሰባት። በእርሳስ ነው የጻፍሁት።

ከምድጃው ጥግ አማቷ፣ ዶኛ ክሌሜንሲያ፣ ሹራቧን ሳትለቅ፣
መካን ጣቶቼን አየችና «ልጅ ለእናቷ ምጥ…» ብላ የቀረውን ዋጠችው።
«ሰው ውኃ ሲሞላ ይመጣል፣ ሲጎድል ይሄዳል።
ቀኑን እኔ አላውቅም። ሰዓቱን ግን ጠይቂኝ፣ ሰዓቱን።»

አልተሟገትኋትም። ከመቶ ሕፃን አራት ነው፣ ቢበዛ አምስት፣
በተቆረጠለት ቀን የሚገኝ፤ ለቀረው ቀጠሮ የለበት።
ቀኑ ለሱ አይደለም። ለጀልባው ነው፣ ካስትሮ ላለው አልጋ፣
ለሮሳሜል ፈረቃ፣ ለሚታረደው በግ፣ ለሚጠበቀው በጋ፤
ለእኛ ነው፤ ያላየነውን ለመጎተት የምንይዘው ገመድ።

ዐሥራ ሰባት መጣ። ዐሥራ ሰባት ሄደ።
ኤዱቪና ካስትሮ በተከራየችው ክፍል፣ እግሯ አብጦ፣
በየማታው ትደውላለች፦ «ክብሽ ተሰበረ ወይ?»
ሃያ። ሃያ አንድ።
የሮሳሜል ዕረፍት አለቀና ወደ ባሕሩ ሥር ተመለሰ፤
በሃያ ሁለተኛው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እሱ በሌለበት፣ ሴት ልጅ።

መዝገቡን ገለጥሁ፤ ራሴን መግታት አቃተኝ፦
በዚያ ሰዓት ባሕሩ ጎድሎ፣ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ በጎናቸው ተኝተው ነበር።
ለዶኛ ክሌሜንሲያ ነገርኋት። የሹራቡን እጅጌ በስንዝር ለካች፣
«ታዲያ ባሕሩ ተሳስቶ ነዋ» አለች።

ቅጹ ላይ ሁለት ባዶ ቦታ አለ፤ «የተገመተ»፣ «የሆነ»።
ሁለተኛውን በቀለም ሞላሁት። እርሳሱንም አልደመሰስሁ።
ኤዱቪና ግን፣ ልጅቷ ስንት ሆናት ብሎ ለጠየቃት
በድንች ልጣጭ የጠቆረ ጣቷን ወደ ማዶ ትቀስራለች፦
«ከዚያ ቤት ቁጠር።»